ጦስኝ ለጎላ፣ ጦስኝ ለኪስ

መምህራችን ያን ዕለት ክፍል የገቡት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፈው ነበር። የዕፀዋት መመሪያ ነው። ቅጠሉ፣ ሥሩና ዘሩ በፊደል ተራ ተደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ ሥር መልኩ፣ የሚበቅልበት ቦታ፣ የሚወሰደው መጠንና ጥንቃቄው ተጽፏል። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ የሽፋኑ ሽታ ሳይቀር ደረሰኝ።

«እናንተ ሐኪም አይደላችሁም» አሉ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው። «ከዚህ ክፍል ወጥቶ ‹ይህ ቅጠል ይህን በሽታ ይፈውሳል› የሚል ተማሪ ካለ እኔን አላውቃትም ይበል። መድኃኒት ነው ካላችሁ ለጤና ባለሙያ አቅርቡ፤ ሻይ ነው ካላችሁ ለእኔ አቅርቡ።»

ትምህርቱ የተቋማት ምግብ አገልግሎት አስተዳደር ይባላል። ስሙ ይረዝማል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚጣፍጠውን ምግብ ለአንድ ሆስፒታል ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ሳያጥርና ሳይበላሽ ማድረስ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ከሚገኘው ኮሌጃችን የገባሁት በዚህ ዓመት ነው። ገና መጀመሪያ ስለሆንኩ የተባልኩትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ መምህር ሲስሉ እንኳ እስክሪብቶዬ ይንቀሳቀሳል እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

የተሰጠን ሥራ ይህ ነበር። አራት አራት ሆነን እንቧደናለን። እያንዳንዱ ቡድን በየቤታችን ለጉንፋን፣ ለሆድ፣ ለብርድ እየተባለ የሚጠጣ አንድ ቅጠል መርጦ፣ ለኮሌጁ ካፌ ቁርስ የሚቀርብ መጠጥ ያደርገዋል። ከዚያ የክፍሉ የራሱ መመሪያ ስለሚዘጋጅ ያንን ቅጠል የሚመለከተውን ገጽ ይጽፋል። መምህራችን ሦስት ነገር ያያሉ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቅጠል በግራም መታወቅ አለበት፣ ጣዕሙ የቤቱን መምሰል አለበት፣ ሰልፉም ከትምህርት ደወል በፊት ማለቅ አለበት። ያልተሳካለት ቡድን አራቱም በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ይደግማሉ።

እጄን አወጣሁ። «ጦስኝ» አልኩ።

«ከየት ይመጣል?»

«ከአንኮበር፣ ቲቸር። አጎቴ ዘንድ አለ።»

አጠገቤ የምትቀመጠው የእነዋሪ ልጅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬና የቡድናችን አባል፣ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አንቺ አንኮበር ሲባል እጅሽ ራሱ ነው እንዴ የሚወጣው? ቆይ እንማከር እንጂ! ሌላው ዝንጅብል ያመጣል፤ ዝንጅብል እኮ በየሱቁ ይመዘናል።»

ዘግይታለች። መምህራችን ጽፈውታል።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር ወደ አጎቴ ቤት። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ከማኅሌት መልስ ያለው ጊዜያቸው የሚያልፈው ከጓሮአቸው ነው። ጤና አዳሙ፣ ዳማከሴው፣ ኮሰረቱ በቅጥሩ ዙሪያ አለ፤ ጦስኙን ግን ከገደሉ አፋፍ ነው የሚለቅሙት። ጥላ ውስጥ ደርቆ ሰፌድ ላይ ሲሰጣ ቤቱ ሁሉ ያውደዋል።

አጎቴ ጦስኝ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አላቸው። ‹ለማን ነው?› ይላሉ። ጠጪው ራሱ ከመጣ ሰፌዱን ወደ እርሱ ገፋ ያደርጉለትና በገዛ ሦስት ጣቱ ያነሣል። ትልቅ ሰው በትልቅ እጁ፣ ሕፃን በትንሽ እጁ። የሰው እጅ ከሰውነቱ ጋር ያድጋል፤ ከእርሱ የተሻለ መለኪያ የለም ባይ ናቸው። ጠጪው ቤት ከቀረ ደግሞ የተላከውን ‹እጁ ከእጅህ ይበልጣል ያንሳል?› ብለው ይጠይቁታል፤ እንደ መልሱ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤት ለሚስቱ ሊወስድ መጥቶ፣ የሚስቱ እጅ ይብለጥ ይነስ መልስ አጣ። አጎቴ «ሂድና ጨብጠሃት ና» ብለው መለሱት። ሰውየው ሄዶ የተመለሰው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ መንደሩ ይቀልድበታል።

እኔንም ያው ጠየቁኝ።

«ለማን ነው?»

«ለካፌ ነው፣ ጋሼ።»

«ካፌ የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም፣ ጋሼ! ተማሪው የሚመገብበት አዳራሽ ነው።»

«ሁሉም ያስላቸዋል?»

«አንዳንዱን ያስለዋል። ግን እንደ መድኃኒት አይደለም፤ እንደ ሻይ ነው የምናቀርበው።»

«ሻይ ከሆነ ደግ» አሉና ጢማቸውን ዳበሱ። «ምን ያህል ልስጥሽ?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎ። ለአንድ ሰው ስንት ግራም ይበቃል?»

«ግራም?» አሉ። «ግራም የወርቅ ነው።»

የመምህራችንን ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጆንያ ጦስኝ ሞልተው አፉን አሰሩና እጃቸውን ከላዩ ሳያነሡ እንዲህ አሉ። «የእኔ ልጅ፣ ከዚህ ቤት የወጣ ጦስኝ በሌላ ሰው እጅ ተለክቶ አያውቅም። ያንቺም ካፌ ቢሆን ጠጪው በገዛ ሦስት ጣቱ ያንሣ። እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። ለመምህሬም እሺ ብያለሁ። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ ጆንያውን እግሬ ሥር አደረግሁት። ገና ሳንርቅ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን አነሣ። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበለኝ ጎንበስ ሲል «እህቴ፣ ይኼ ነገር ሸተተኝ እኮ» አለና ከጆንያው ቀዳዳ ቆንጠር አድርጎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሳቅሁ። ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ቡድናችን ካፌው ደጅ ተሰበሰበ። ነገሩን ስነግራቸው የእነዋሪዋ ጓደኛዬ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እስቲ በእኔ ቦታ ሁኚ፤ መምህራችን ‹በግራም› ይላሉ፣ አጎትሽ ‹በጣት› ይላሉ፣ አንቺ ለሁለቱም እሺ ብለሽ መጣሽ?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ።»

«ሁለቱም ልክ ከሆኑ የምንደግመው እኛ ነን!»

ይህን ስንባባል የካፌው ወጥ ቤት ኃላፊ ብቅ አሉ። ተማሪው ሁሉ ማዘር ነው የሚላቸው። ጭልፋቸውን ከእጃቸው አይለዩም፤ ያን ጊዜም ይዘውት ነበር። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ጠዋት ተማሪ ሰፌድ ከቦ ቅጠል ሲለቅም ሰልፌ ከቆመ፣ ይኼን ጭልፋ የት እንደማሳርፈው አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ማታውኑ ራሳቸው ለቅመው ጎላው ውስጥ ይጨምሩዋ!» አለች ጓደኛዬ ለቀልድ።

እኔ ግን ቀልድ መሆኑ አልታወቀኝም። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ጎላ ማለት ማዘር ለሕዝብ የሚያፈሉበት ትልቁ ብረት ድስት ነው፤ ልጅ ያስተኛል። ለእራት የሚመጣው ተማሪ በር ላይ እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል። ከዚያ ከሰፌዱ በገዛ ሦስት ጣቱ ያነሣና አጠገቡ ባለው ደረቅና ንጹሕ ጎላ ውስጥ ይጨምራል። ሰፌዱን በፊትም በኋላም እንመዝነዋለን። የጎደለውን ለተማሪው ቁጥር ስናካፍል የአንድ ሰው ግራም ይወጣል። ጠዋት ማዘር ውኃ ያፈሉበታል። አጎቴም ጣታቸውን አገኙ፣ መምህራችንም ግራማቸውን።

ጓደኛዬ ደብተሬን አየችና «አንቺን የሚያስፈራሽ ነገር ምን ይሆን?» አለች።

መምህራችን ሐሳቡን ወደዱት። ንጽሕናው ላይ ብቻ ጥብቅ አሉ፤ ጥፍሩ ያደገ አያነሣም፣ ስሎ እጁን ያልታጠበ አያነሣም። እኔ ሽርጤን አጥብቄ ሰፌዱ ዘንድ ቆምኩ። ጓደኛዬ ከጎላው ጎን ሆና ሰው ትቆጥራለች።

እራቱ ላይ ያልተባልነው የለም።

«ምንድነው፣ ዕጣ ነው?»

«ጦስኝ ነው። በሦስት ጣትህ አንሣና ጎላው ውስጥ ጨምር።»

«ብጨምር ምን አገኛለሁ?»

«ነገ ጠዋት ትጠጣዋለህ።»

«የራሴን ነው ወይስ የእሱን?» አለ ከኋላው ያለውን እየጠቆመ። «የእሱን አልጠጣም፤ ጣቱን አውቀዋለሁ!»

አንዱ ረጅም ልጅ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ እንደ መንሽ ነው። «ሦስት ጣት ነው ያልሽው አይደል?» ብሎ ግማሽ ሰፌድ ሊያነሣ ሲል እኔ አልከለከልኩትም፤ ደንቡ ደንብ ነው። አንዷ «ለጓደኛዬም ላንሣላት? ተኝታለች» ስትለኝ «ጓደኛሽ በራሷ እጅ ነው የምታነሣው» አልኳት። «እህ፣ ይኼማ ቁርባን ነው!» ብላ አለፈች።

እኔ ጣት ጣቱን ብቻ ነበር የማየው። ሰው ሁሉ በሥርዓቱ በገዛ እጁ አነሣ። ሰፌዱ ሲጎድል ልቤ ይሞላ ነበር። መጨረሻ ላይ መዝነን፣ ቀንሰን፣ አካፈልን። ቁጥሩን ለመምህራችን ስሰጣቸው መጽሐፋቸውን ገልጠው አመሳከሩት። «ከተፈቀደው አላለፈም። ጠንከር ያለ ሻይ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ!» አሉ። ያን ‹በጣም› ይዤ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፣ ተማሪው እጁን ብብቱ ሥር ከቶ ይሰለፋል። ማዘር ጎላውን ከፈቱ። እንፋሎቱ ወጣ። ሽታ ግን የለም። ማዘር በጭልፋ ቀድተው ቀመሱና ምላሳቸውን አጣጣሙ።

«ይኼ ውኃ ጦስኝን በሩቁ ሰላም ብሎታል እንጂ አልተገናኙም» አሉ።

መምህራችን ኩባያ ተቀብለው ቀመሱ። ወረቀቱን አዩ። ደግመው ቀመሱ። ወረቀቱ ጠንካራ ይላል፣ ኩባያው ባዶ ይላል። ጎላውን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ከታች ጥቂት ቅጠል ብቻ ይዋኛል። ተማሪው ስኳሩን አብዝቶ ጠጣ፤ «የአንኮበር ዝናብ ነው እንዴ?» ያለም ነበር። እኔ ቀና ብዬ ሳላይ ኩባያ አቀብላለሁ።

«ከሰፌዱ ወጥቷል» አሉ መምህራችን ወደ እኔ ዞረው። «የገባው የት ነው?»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፤ ስሌቱ ልክ ነው።

መልሱ የመጣው ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ገና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ሲጀምሩ ከኋላ አንድ ልጅ ሊያስነጥስ መሐረቡን ከኪሱ መዘዘ። ከመሐረቡ ጋር ጦስኙ ተበተነ፤ ዴስኩ ላይ፣ ደብተሩ ላይ፣ ከፊቱ በተቀመጠችው ልጅ ፀጉር ላይ። ከዚያ መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያሉ ሄዱ፤ በየደረሱበት አየሩን ሳብ ያደርጋሉ። የጃኬት ኪስ፣ የቦርሳ ኪስ፣ የጋቢ ጥግ። ካፌው ውስጥ የጠፋው ሽታ ሁሉ እዚህ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። አቀርቅራ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ትዘጋለች።

«አንቺም?» አልኳት።

«ሰው ሲከት አየሁና…» አለች በሹክሹክታ። «ደግሞ በሦስት ጣት ነው ያነሣሁት!»

መምህራችን ማንንም አልተቆጡም። ለእኛ አራታችን ግን «ይኼ የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ቢሆን የቀረበው ምግብ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። አሁን ውጤት ብሰጥ ትደግማላችሁ። አንድ ዕድል አላችሁ» አሉን። ጓደኛዬ ከኋላ ክንዴን ጨመቀችኝ።

አንድ ዕድል ቢኖረንም ጦስኝ የለንም። ሰፌዱ ላይ የቀረው ለአንድ ጀበና አይበቃም። ለአጎቴ መደወል ነበረብኝ። ደንባቸው ምን እንደሆነ፣ ጦስኛቸው የት እንደገባ እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ? ጓደኛዬ «የሆነውን ሁሉ አስተካክለሽ ንገሪያቸው» ብላ ስልኩን አስያዘችኝ።

«በገዛ እጃቸው አነሡ?» አሉ አጎቴ አስቀድመው።

«አዎ፣ ጋሼ። ሁሉም።»

«ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጎላው ውስጥ አልጨመሩትም። ኪሳቸው ከተቱት።»

ስልኩ ተቆረጠ ብዬ ሳየው ሳቃቸው መጣ፤ ማኅሌት ላይ የሚያስረዝሙትን ድምፅ ያህል ረዘመ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣውስ ሰው የት የሚከተው መስሎሽ ነው? ሰው ጦስኝ በገዛ እጁ ካነሣ ለኋላው ማሰቡ አይቀርም። እልክልሻለሁ።»

በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው ረዳት እጅ ላኩልኝ። ረዳቱ ጆንያውን ሲያስረክበኝ የሸሚዙን ኪስ አየሁት። እርሱም እንዳየሁት አየና «የጭነት ሒሳብ ነው» አለ።

አጎቴ ያሉትን ለመምህራችን ነገርኳቸው። ትምህርቱ ያን ጊዜ ገባኝ ማለት እችላለሁ። በጅምላ ምግብ ሥራ እያንዳንዱ አዘገጃጀት ላይ ‹ብክነት› የሚባል ረድፍ አለ፤ ከልጣጭ ጋር የሚጣለው፣ በእንፋሎት የሚሄደው፣ ድስት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ሁሉ አስቀድሞ ይገመትና እዚያ ይጻፋል። መምህራችን ከብክነት በታች አንድ መስመር አስምረው እስክሪብቶውን ሰጡኝ። «ጻፊ» አሉ። «ለኪስ።»

በሁለተኛው ዙር ሁለት ሰፌድ አዘጋጀን። መግቢያው ላይ ያለው ለጎላ ነው፤ መውጫው ላይ ያለው ለኪስ፣ ከጎኑም የወረቀት ጥቅል አለ። ማዘር ራሳቸው ከጎላው አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። «የማታ ሰልፍ ነው፤ እንዲያው ልረፍ ብዬ ነው» አሉ፤ ጭልፋቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከሰፌዱ ያነሣ ተማሪ ሁሉ ማዘርን አይቶ፣ ጭልፋውን አይቶ፣ ጎላው ውስጥ ይጨምራል። ያ ረጅም ልጅ «ማዘር፣ ኪሴን ልፈትሽልዎ?» ሲላቸው «አንተ መጀመሪያ ጥፍርህን ተቆረጥ!» ብለው አባረሩት፤ ተቆርጦ መጣ።

ጠዋት ጎላው ሲከፈት ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ማየት አላስፈለጋትም። ሽታው ከበሩ አልፎ ውጭ ወዳለው ሰልፍ ሄደ፤ ሰልፉም ወደ ፊት ተገፋ። ማዘር ቀመሱ። ሁለተኛ ኩባያ ለራሳቸው ቀድተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ጠጡ። የመጨረሻው ተማሪ ኩባያውን ሲመልስ ደወሉ ገና አልተደወለም። ጎላው ውስጥ የቀረው የተጨመቀ ቅጠል ብቻ ነው።

መምህራችን የውጤቱን ወረቀት በብብታቸው ይዘው ከመጀመሪያው ኩባያም ከመጨረሻውም ቀምሰዋል። ፊታቸው አይነበብም። እኛ አራታችን መውጫው ዘንድ ተደርድረን እንጠብቃለን። መጡና ወረቀቱን ከመስጠት ይልቅ የኪሱ ሰፌድ ዘንድ ቆሙ፤ ግራ ቀኝ አዩና በሦስት ጣታቸው አነሡ።

«ለማን ነው?» አልኩ።

አምልጦኝ ነው። የአጎቴ ጥያቄ ከአጎቴ ድምፅ ጋር ነው የወጣው። ጓደኛዬ እግሬን ረገጠችኝ።

መምህራችን ግን መለሱልኝ። «ለእናቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ይበርዳቸዋል።»

ከጀመርኩ አይቀር ብዬ «እጃቸው ከእርስዎ እጅ ይበልጣል ያንሳል፣ ቲቸር?» አልኳቸው።

ጦስኙን እንደያዙ እጃቸውን አዩት። እኔ በቁጥር የሚመልሱ መስሎኝ ነበር።

«ድሮ ይበልጥ ነበር» አሉ። «አሁን ያንሳል።»

ከዚያ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብለው ከያዙት ላይ ጥቂቱን፣ ቅጠል በቅጠል ማለት ይቻላል፣ መለሱ። የቀረውን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ቀና ሲሉ መምህር ሆነዋል።

«‹ለማን› የሚል ረድፍ አዘገጃጀታችሁ ላይ አለ?»

«የለም፣ ቲቸር።»

«ገጹ መመሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጨምሩበት። አራታችሁም አልፋችኋል። በሉ እስክሪብቶ ስጡኝ፤ የእኔ ከጦስኙ ሥር ነው፣ ኪሴን መበርበር አልፈልግም።»